በፈቃድ የያዙትን መሣሪያ አንግተው ሳለ ፖሊስ ሲያስቆምዎ

ይህ ጽሑፍ ፈቃድ ላለው ሰው ነው፤ በተለይ በለገጣፎ፣ በሱሉልታ፣ በሰበታና በገላን በኩል በግንባታ ቦታ፣ በመጋዘንና በፋብሪካ በር ላይ ክላሽ ይዘው ለሚያድሩ ጥበቃዎች። ፈቃድ የሌለውን ሰው አይረዳውም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላል፤ እሱ ላይ የሚመከር ነገር የለም።

መጀመሪያ ወረቀቱንና ብረቱን ያስተያዩ። ፈቃድ እያለው ጣቢያ የሚያድር ሰው ብዙ ጊዜ ጣጣው የቁጥር ነው። የክላሽ ቁጥር በግራ ጎኑ፣ ካዝናው ከሚገባበት ከፍ ብሎ ወደ አፈሙዙ በኩል ብረቱ ላይ ተመቶ ይገኛል። የላይኛው ክዳን ላይም ቁጥር ሊኖር ይችላል፤ እሱን አይመኑት፤ ክዳን ከሌላ ክላሽ እየተነቀለ ስለሚገጠም ሌላ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል። መሣሪያው ካረጀና ቁጥሩ ካልነበበ ጥይቱን አውጥተው ነጭ ጠመኔ ይሹበት፣ ከዚያ በደረቅ ጨርቅ ላይ ላዩን ይጥረጉት። ጠመኔው የተመታው ጎድጓዳ ውስጥ ስለሚቀር 3 የመሰለው 8፣ 1 የመሰለው 7 ሆኖ ይወጣል። ከቁጥሩ ፊት የሩሲያ ፊደል ካለ እሱም ወረቀቱ ላይ መኖሩን ይዩ፤ ጸሐፊዎች ያልገባቸውን ፊደል ይዘሉታል። ስህተት ካገኙ በእስክሪብቶ አያርሙ። የተሳሳተ ወረቀት ያስጠይቃል፣ የተደለዘ ወረቀት ግን ፎርጅድ ያሰኛል። ፈቃዱን የሰጠው ቢሮ ራሱ አርሞ ማኅተም ያድርግበት።

ለተቀጣሪ ጥበቃ ሌላም ነገር አለ። ፈቃዱ የድርጅቱ ነው፣ መሣሪያውን የያዘው ግን እርስዎ ነዎት። ሁለቱን የሚያገናኝ ደብዳቤ ከሌለ ፖሊሱ የሚያየው የሰው መሣሪያ የያዘ ግለሰብ ነው። ደብዳቤው ስምዎን፣ የመሣሪያውን ቁጥር፣ የካዝናና የጥይቱን ብዛት፣ የሚጠብቁበትን ቦታና ሰዓት ይዞ ማኅተም ሊኖረው ይገባል። ስልክ ላይ ያለ ፎቶ እንደ ወረቀት አይቆጠርም። ባትሪው ያልቃል፣ ማኅተሙም አይታይም።

ቦታው መጻፉ የራሱ ምክንያት አለው። የአዲስ አበባና የኦሮሚያ ወሰን በነሐሴ 2014 ተለይቷል፣ በ2015 ደግሞ ሸገር ከተማ ተቋቁሟል። ዳር ዳሩን የአስፋልቱ አንድ ወገን አንዱ ፖሊስ፣ ማዶው ሌላው የሚቆጣጠረው ሰፈር አለ። ሻይ ለመጠጣት መንገድ ያቋረጠ ጥበቃ ስለ እሱ ምንም የማያውቅ ፖሊስ ያጋጥመዋል። ለሻይም ሆነ ለቤት መሣሪያው ከግቢ አይውጣ፤ በርክክብ መዝገብ ላይ ተፈርሞ ለተረኛው ይሰጥ። ወደ ሌላ ሳይት መዛወር ካለበት በድርጅቱ መኪና፣ ቀንና መንገዱ በተጻፈበት ደብዳቤ ይሂድ። ክላሽ ይዞ ሚኒባስ መሳፈር የሚሉት ነገር ይቅር። ሰርግ፣ ለቅሶ፣ የደመራና የጥምቀት በዓል ላይም ፈቃድ አለኝ ብለው ይዘው አይሂዱ።

የእንጦጦ ጀርባና የሱሉልታ ብርድ ጋቢ ያስለብሳል። ጋቢው ከውስጥ፣ መሣሪያው ከላይ ይሁን። ጋቢ ከላይ ተደርቦ አፈሙዙ ብቻ ከሥር ብቅ ካለ በሩቅ ለሚያይ ሰው የተደበቀ መሣሪያ ነው። ወረቀቱን በላስቲክ ሸፍነው በግራ የደረት ኪስ ያድርጉት፣ መሣሪያውን በቀኝ ትከሻ ያንግቱ። የጃኬት የውስጥ ኪስ፣ የኋላ ኪስና ቀበቶ ሥር ለወረቀት አይሆኑም። ከመሣሪያ አጠገብ ልብስ ውስጥ የሚገባ እጅ ፖሊሱን ያስደነግጠዋል።

አሁን ወደ ማስቆሙ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በጨዋነት ነው።

ከኋላ «ቁም!» ሲባሉ ዞር አይበሉ፤ ሰውነትዎ ሲዞር አፈሙዙም አብሮ ይዞራል። በቆሙበት ሁለት እጅዎን ከፍተው ከሰውነትዎ ራቅ ያድርጉና ጮክ ብለው «ቆሜያለሁ» ይበሉ። ዙር ሲባሉ ብቻ ቀስ ብለው ይዙሩ። ሌሊት ከሆነ ባትሪው በግራ እጅ፣ ብርሃኑ መሬት ላይ። ፖሊሱ ፊት ላይ ካበሩበት እጅዎን ማየት አይችልም።

ከዚያ አጭር ንግግር፦ «ጥበቃ ነኝ፣ የእዚህ ግቢ። ፈቃድ አለኝ። ወረቀቱ ግራ ደረት ኪሴ ነው፣ ላውጣው?» መልስ ሳያገኙ እጅዎ አይንቀሳቀስ። ማዕረጉን ካወቁ «ሳጅን»፣ «ኢንስፔክተር» ይበሉ፤ ካላወቁ «ጌታዬ» ይበቃል። አለቃዎ ጋ መደወል ከፈለጉም ስልኩን ከማውጣትዎ በፊት ይጠይቁ።

መሣሪያውን ከትከሻ አውርዶ በሁለት እጅ፣ ጎንበስ ብሎ ማቀበል የኛ ወግ ነው። ለውሃና ለገንዘብ ጥሩ ነው፤ ለክላሽ አይሆንም። ሁለት እጅ መሣሪያ ላይ ሲያርፍ ፖሊሱ ከመተኮስ አይለየውም። «አምጣ» ካለም «ራስዎ ከትከሻዬ ያውርዱት፤ ጥይት አልተቀባበለም» ይበሉ፤ ከተቀባበለ ደግሞ መቀባበሉን ይናገሩ። መሬት አስቀምጥ ካለ ማንገቻውን ብቻ ይዘው፣ አፈሙዙ ወደ ሰው ሳይዞር ቀስ ብለው ያውርዱና ወደ ኋላ ይራቁ።

ሌላው ስህተት «ባዶ ነው፣ ይኸው» ብሎ ማሳየት ነው። የክላሽ ባዶነት የሚታየው የመጠበቂያ ቁልፉን ወደ ታች አውርዶ ማቀባበያውን በመሳብ ነው፤ ለመተኮስ የሚደረገውም ያው ነው። ድምፁን የሰማ ሌላ ፖሊስ ምን እንደተባባላችሁ አያውቅም። ካልታዘዙ አይንኩት። ጥይቱን አውጣ ተብለው ከታዘዙ ግን አፈሙዙ ወደ መሬት ሆኖ፣ ጣት ከቃታ ውጭ፣ ቅድሚያ ካዝናው ይነቀላል፣ ከዚያ ማቀባበያው ተስቦ የጥይት ቤቱ በዓይን ይታያል። ቅደም ተከተሉ ከተገላበጠ አንዱ ጥይት ሲወጣ ሌላው ከካዝናው ይገባል፤ «ባዶ» የተባለ መሣሪያ እንዲህ ነው የሚባርቀው።

ወረቀቱ አላሳመነው ብሎ መሣሪያውን ከያዘ መንገድ ላይ አይከራከሩ፤ ክርክሩ ለጣቢያ ይቆይ። ጣቢያ ሲደርሱ የመሣሪያው ቁጥር፣ የካዝናው ብዛት፣ የጥይቱ ብዛት አንድ በአንድ ተቆጥሮ፣ የተረከበው ፖሊስ ስምና ማዕረግ፣ ቀንና ሰዓት መመዝገቡን አይተው ይፈርሙ። 30 ጥይት አስረክበው 27 ተብሎ ከተጻፈ የጎደሉት 3 ኋላ ከድርጅቱ ጋር ያጣሉዎታል፣ ስለዚህ እዚያው ያስተካክሉ። ቅጂ ከከለከሉ ዝርዝሩን በራስዎ ወረቀት ላይ ይያዙ።

እርስዎም ከታሰሩ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ላይ የታሰሩበት ምክንያት ወዲያው እንዲነገርዎ፣ ያለመናገር መብት እንዲኖርዎና በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርቡ ይደነግጋል፤ ለመንገድ የሚወስደው ጊዜ አይቆጠርም። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ግን ነገሩ በአንድ ሌሊት ይለወጣል። በጥቅምት 2014 አዲስ አበባ ላይ መሣሪያ ያለው ሁሉ በሁለት ቀን ውስጥ እንዲያስመዘግብ ታዟል። በእንዲህ ያለ ጊዜ የድርጅቱ ኃላፊ ዋናውን ፈቃድ ይዞ ጣቢያ እስኪያረጋግጥ ድረስ መሣሪያው ተቆልፎ ይቀመጥ፣ ጥበቃውም በዱላና በባትሪ ይደር።