ዓይነ ስውር ተማሪን መንገድ ስታለማምዱ
ደብረ ማርቆስ ላይ ከቤት ትምህርት ቤት ብቻውን መመላለስ የሚፈልግ ዓይነ ስውር ልጅ አላችሁ? «አይሆንም» ከማለታችሁ በፊት ይህን ሞክሩ።

መጀመሪያ ክርናችሁን ይዞ ግማሽ እርምጃ ከኋላችሁ ይሂድ። እጁንም ሆነ ነጭ በትሩን አትጎትቱ። መንገዱን ሲለምድ እሱ ይምራ፣ እናንተ ጥቂት ወደ ኋላ ቅሩ። ለእናንተ ዝም ማለቱ ነው የሚከብደው! መታጠፊያ ቢስት ራሱ ያርመው። ክዳን የሌለው ቦይ ወይም ባጃጅ ከመጣ ግን «ቁም!» በሉ። «ተጠንቀቅ» ብቻ ምን ማድረግ እንዳለበት አይነግረውም።

ባጃጅ ሲሳፈር ሹፌሩን ራሱ ያናግር፣ ሒሳቡንም ራሱ ይክፈል።

ክረምት ሲገባ አብራችሁት እንደገና ተመላለሱ። ጭቃው መንገዱን ይለውጠዋል፤ ዝናቡም ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ የመኪናውን ድምፅ ይውጠዋል።