ለገና ደብረ ብርሃን፣ ጌሜ በወንድሜ ላፕቶፕ

ለገና እናቴ ጋ ደብረ ብርሃን ስሄድ ትልቁን ኮምፒውተሬን አልሸከምም። የታናሽ ወንድሜ ላፕቶፕ አለ። ስቲም (የኮምፒውተር ጌም መሸጫና መጫወቻ ፕሮግራም) ላይ የገዛችሁት ጌም የሚታሰረው ከአካውንታችሁ ጋር ነው፤ ኮምፒውተር ብትቀይሩ ድጋሚ አትከፍሉም።

ጣጣው ዳታ ነው። 40 ጊጋባይት በሞባይል ዳታ ማውረድ ኪስ ያራቁታል። ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት በስቲም ባክአፕ (የጌም ቅጂ ማስቀመጫው) ጌሙን ተንቀሳቃሽ ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጡ። ሴቫችሁ (የደረሳችሁበት የጨዋታ ደረጃ) ክላውድ ላይ፣ ማለትም የስቲም የኢንተርኔት ማከማቻ ላይ፣ መውጣቱንም እዩ። እዚያ ስትደርሱ ስቲምን ጭናችሁ በአካውንታችሁ ግቡ፤ ከዲስኩ መልሱት። ዝማኔ ካለ ግን እሱን ያወርዳል።

የማረጋገጫ ኮድ የሚመጣበትን ስልክ እንዳትረሱ። እኔ አንዴ ረስቼ፣ በዚያ ብርድ ሦስት ቀን ጋቢ ተከናንቤ ቆሎ ስቆረጥም ከረምኩ።

ኔትወርክ ሳለ ጌሙን አንዴ ክፈቱት፤ ከዚያ ስቲምን ወደ ኦፍላይን (ያለ ኢንተርኔት መጫወቻ) ቀይሩ። ስትመለሱ ከአካውንታችሁ ውጡ። ወንድሜን እወደዋለሁ፤ ግን ሴቬን አላምነውም።