ጥሩምባ ስፒከር በቤታችሁ ልትሠሩ ነው? ድራይቨር ስትመርጡ እነዚህን ስህተቶች ተጠንቀቁ

ጥሩምባ ስፒከር (ድምፁ እንደ ጥሩምባ እየሰፋ በሚሄድ ቱቦ የሚወጣ) መሥራት ያማረው ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያደርገው መርካቶ ወርዶ ድራይቨር፣ ማለትም ድምፁን የሚያመነጨውን ክፍል፣ መግዛት ነው። "ሳጥኑ በኋላ ይደርሳል" ይላል። ጣጣው የሚጀምረው እዚያ ጋ ነው።

ጥሩምባውን ሳይወስኑ ድራይቨር መግዛት

በመጀመሪያ መመለስ ያለበት ጥያቄ "ጥሩምባው እስከ ስንት ኸርዝ ይውረድልኝ?" የሚለው ነው። ኸርዝ የድምፁ ድግግሞሽ፣ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ ነው፤ ባነሰ ቁጥር ድምፁ ይወፍራል። ቀጥሎ "ቤቴ ይችለዋል ወይ?" ይመጣል። ሒሳቡ ከባድ አይደለም። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ የ100 ኸርዝ ሞገድ ስለዚህ 3.4 ሜትር ይረዝማል። ክብ ጥሩምባ ይህን ሞገድ በደንብ እንዲለቅ የአፉ ዙሪያ የሞገዱን ርዝመት ማከል አለበት። አፉ ከዳር እስከ ዳር 1.1 ሜትር ይሆናል ማለት ነው። እስከ 40 ኸርዝ ልውረድ ካላችሁ ደግሞ 2.7 ሜትር ይመጣል። ኮንዶሚኒየም ሳሎን ውስጥ ይህ የሚታሰብ አይደለም።

አሜሪካዊው ፖል ክሊፕሽ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ የባስ ጥሩምባውን አጣጥፎ ጥግ ላይ ያስቀመጠው በዚህ ምክንያት ነው። ጥግ ላይ ሲሆን ሁለቱ ግድግዳዎችና ወለሉ የጥሩምባው ቅጥያ ሆነው ያገለግላሉ። ሥራው ግን ጥሩ አናጺና ብዙ ኮምፖልሳቶ ይፈልጋል። ለጀማሪ የምመክረው ከ350 ኸርዝ በላይ ያለውን ብቻ በጥሩምባ ማውጣት ነው። አፉ 31 ሳንቲሜትር ይበቃዋል። ባሱን ተራ ሳጥን ይሥራው። ይህን ከወሰናችሁ የምትፈልጉት ድራይቨር ዓይነትም አብሮ ይለወጣል።

በዋት መግዛት

"1000 ዋት" የሚል የሚያብረቀርቅ ስቲከር የሌለው ስፒከር ማግኘት ከባድ ሆኗል። የቁጥሩን እውነተኛነት እንኳ እንተወው። ዋት የሚነግራችሁ ድራይቨሩ ሳይቃጠል ስንት እንደሚችል ነው፤ ምን ያህል እንደሚጮህ አይነግራችሁም። ለጥሩምባ የሚታየው ሴንሲቲቪቲው ነው፦ 1 ዋት ሰጥታችሁት በ1 ሜትር ርቀት ስንት ዴሲቤል (የጩኸት መለኪያ) እንደሚያወጣ። 88 ዴሲቤል የሚያወጣው ድራይቨር 98 የሚያወጣውን ለመድረስ አሥር እጥፍ ዋት ይፈልጋል። በደንብ የተሠራ ጥሩምባ 100 ዴሲቤልን ያልፋል። ባለ 8 ዋት የቫልቭ አምፕሊፋየር ይዘው ሳሎናቸውን የሚሞሉ ሰዎች ያሉት ለዚህ ነው።

ለአዲስ አበባ ሰው አንድ ነገር ልጨምር። በእኛ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው ዴሲቤል እዚህ እስከ 2 ያህል ሊቀንስ ይችላል። ድራይቨሩ ተበላሽቷል ብላችሁ ከሻጩ ጋር አትጣሉ።

የመኪና ሰብዉፈር ጥሩምባ ውስጥ መክተት

ከሁሉም በላይ ገንዘብ የሚበላው ስህተት ይሄ ነው። ለባስ ብቻ የተሠራው ሰብዉፈር ትልቅ፣ ከባድና ውድ ስለሆነ ጥሩ ይመስላል። ጥሩምባ ግን የሚፈልገው ቀላል ኮን (የሚርገበገበው የድራይቨሩ ፊት) እና ኃይለኛ ማግኔት ነው። ሰብዉፈር አብዛኛውን ጊዜ የተሠራው በተቃራኒው ነው።

ይህን የሚያሳዩ ሁለት ቁጥሮች የድራይቨሩ መረጃ ወረቀት ላይ አሉ። ኤፍኤስ (Fs) የሚባለው ድራይቨሩ በነፃ አየር በራሱ የሚርገበገብበት ድግግሞሽ ነው። ኪውኢኤስ (Qes) ደግሞ ማግኔቱ ኮኑን ምን ያህል አጥብቆ እንደያዘው ይናገራል፤ ባነሰ ቁጥር የበለጠ ጠንካራ ነው። ኤፍኤስን በሁለት አባዙና ለኪውኢኤስ አካፍሉት። የምታገኙት ቁጥር የኮኑ ክብደት ድምፁን ወደ ታች መጎተት የሚጀምርበት ድግግሞሽ ነው። አሜሪካዊው ዶን ኪል እ.ኤ.አ. በ1977 ያቀረበው የባስ ጥሩምባ አሠራር ይህን ስሌት ይጠቀማል።

በቁጥር እንየው። አንዱ ድራይቨር ኤፍኤሱ 30፣ ኪውኢኤሱ 0.6 ነው። ውጤቱ 100 ኸርዝ። ሌላው ኤፍኤሱ 45፣ ኪውኢኤሱ 0.25 ነው። ውጤቱ 360 ኸርዝ። ከ60 እስከ 350 ኸርዝ የሚሠራ ጥሩምባ ከፈለጋችሁ የመጀመሪያው ገና ሳይጀምር ይደክማል። ሁለተኛው ይወጣዋል።

መረጃ ወረቀት ከሌለውስ? ሱቅ ውስጥ ኮኑን በሁለት እጅ ጣቶቻችሁ ከግራና ቀኝ እኩል ገፋ አድርጉት። ወፍራም የጎማ ጠርዝ ያለው ሰብዉፈር ለስለስ ብሎ ወደ ውስጥ ይሰምጣል። ለመድረክ የተሠራው፣ ጠርዙ የተሸበሸበ ጨርቅ የሆነው፣ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ሄዶ ቶሎ ይመለሳል። እናንተ የምትፈልጉት ይህን ሁለተኛውን ነው። ዋስትና ግን አይደለም፤ ቤት ገብታችሁ ለኩት። 100 ኦም ሬዚስተር በተከታታይ አስገቡ፣ ስልክ ላይ ድምፅ የሚያመነጭ አፕ ክፈቱ፣ በአምፕሊፋየር በኩል ልካችሁ በድራይቨሩ ጫፎች ላይ ያለውን ቮልቴጅ በመልቲሜትር ተከታተሉ። ድግግሞሹን ቀስ እያላችሁ ስትጨምሩ ቮልቴጁ ወጥቶ የሚወርድበት ቦታ አለ። ጫፉ ኤፍኤስ ነው። ኪውኢኤስም ከዚያ ጫፍ ቁመትና ስፋት ይሰላል።

የጣሪያ ጥሩምባ ድራይቨር ለሙዚቃ

በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ላይ የሚሰቀለው ጥሩምባ ድራይቨር ርካሽ ነው፤ ያጓጓል። የተሠራው ግን ንግግር ሩቅ እንዲደርስ ነው። ቀጭኑ ድምፅ ቶሎ ያልቅበታል፤ ጸናጽልና የማሲንቆ ጥራት ከእሱ አትጠብቁ። አንዳንዱ ውስጡ ለረጅም ገመድ ዝርጋታ የሚሆን የ100 ቮልት መስመር ትራንስፎርመር አለው። ያንን ሳያዩ ከቤት አምፕሊፋየር ጋር ያገናኙት ሰዎች "አይጮህም" እያሉ ይደነቃሉ።

ኮምፕሬሽን ድራይቨርን ዝቅ ብሎ መቁረጥ

ኮምፕሬሽን ድራይቨር በኮን ፈንታ ስስ ሽፋን ያለው፣ ድምፁን በጠባብ ቀዳዳ ወደ ጥሩምባው የሚገፋ ድራይቨር ነው። እዚህ ላይ ሁለት ነገር እዩ። አንደኛው ቀዳዳው ነው፤ 1 ኢንች፣ 1.4 ኢንች ወይም 2 ኢንች መውጫ ይኖረዋል። የጥሩምባችሁ ጉሮሮ (ጠባቡ ጫፍ) ከዚያ ጋር መግጠም አለበት። መጋጠሚያው ላይ ደረጃ ከተፈጠረ ቀጭኑ ድምፅ ይረበሻል። በብሎን የሚታሰር ይሁን በጥርስ የሚጠመዘዝም ከመግዛታችሁ በፊት አረጋግጡ።

ሁለተኛው ብዙ ድራይቨር የገደለ ነው። "80 ዋት" የሚለው ቁጥር አጠገቡ "ከ1.5 ኪሎኸርዝ በላይ" የሚል ሐረግ አለ። ያንን ሳያነቡ በ800 ኸርዝ ይቆርጡታል፤ ማለትም ከ800 ኸርዝ ጀምሮ ያለውን ድምፅ ይልኩበታል። ስስ የታይታኒየም ሽፋኑ ከአቅሙ በላይ ይንቀጠቀጥና ይሰነጠቃል። አክቲቭ ክሮስኦቨር (ድምፁን ከአምፕሊፋየሩ በፊት በድግግሞሽ የሚከፍል መሣሪያ) ብትጠቀሙም በተከታታይ አንድ ካፓሲተር አስገቡ፤ አምፕሊፋየሩ ሲበራ የሚመጣውን "ዱም" ያስቀርላችኋል። ለ8 ኦም ድራይቨር ፖላሪቲ (ፕላስና ማይነስ) የሌለው 20 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ከ1000 ኸርዝ በታች ያለውን ያዳክማል።

"12 ኢንች ከሆነ ያው ነው"

አይደለም። ከኢንተርኔት ያገኛችሁት ንድፍ ለአንድ የተወሰነ ድራይቨር የተሰላ ነው። የጉሮሮው ስፋትና ከኋላ ያለው ክፍል መጠን የዚያን ድራይቨር ቁጥሮች ተከትለው የወጡ ናቸው። በተመሳሳይ ስፋት ባለው ሌላ ድራይቨር ብትተኩት ሳጥኑ ባለቤቱን ያጣል።

ኮይሉ (ኮኑን የሚያንቀሳቅሰው ሽቦ) ዳግም የተጠመጠመ ወይም ኮኑ የተቀየረ ድራይቨርም እንዲሁ ነው። ማግኔቱ የድሮው ቢሆንም ክብደቱ ተለውጧል፤ የመጀመሪያው መረጃ ወረቀት ከእንግዲህ ለእሱ አይሠራም። ጥንድ ስትገዙ ሁለቱንም ለኩ። ኤፍኤሳቸው በሰፊው ከተራራቀ እንጨት ከመቁረጣችሁ በፊት አንዱን መልሱት።