ሙዚቃዊ ቲያትር ልታዩ ነው? መጀመሪያ ሁለት ዘፈን ስሙ

ሙዚቃዊ ቲያትር ለማየት ትኬት ከቆረጣችሁ፣ ከመሄዳችሁ በፊት ከዘፈኖቹ ሁለቱን ብቻ አዳምጡ። ሁሉንም አይደለም! መጨረሻውን ለመድረኩ ተዉለት።

ለምን መሰላችሁ? እንዲህ ዓይነት ቲያትር ውስጥ ብዙ ጊዜ ታሪኩ ራሱ የሚነገረው በዜማ ነው። በ1985 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ መታየት የጀመረውን «ሌ ሚዜራብል»ን ውሰዱ። ከሞላ ጎደል ሁሉም ነገር ይዘፈናል። የመጀመሪያው ክፍል ሲዘጋ ደግሞ አፍቃሪዎቹ፣ አሳዳጁ ፖሊስ፣ ለአመፅ የተነሱት ወጣቶች የየራሳቸውን ግጥም ባንድ ላይ ያዜማሉ። ጆሮ ያንን ሁሉ ባንዴ አይለይም። ዜማውን አስቀድማችሁ ከለመዳችሁት ግን ማን ምን እንደሚል ትይዛላችሁ፤ ዓይናችሁም ፊታቸው ላይ ያርፋል።

ስለ መቀመጫም አንድ ነገር ልጨምር። ጭፈራ የሚበዛበት ከሆነ ለመጀመሪያው ረድፍ አትሻሙ። ላይ ሰገነቱ የፊት ረድፍ ሆናችሁ ስታዩት ጨፋሪዎቹ የሚሠሩት ክብና መስመር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ድራማው ከጠነከረ ግን እኔ ታች፣ ቅርብ እመርጣለሁ። ተዋናይዋ ልትዘፍን ስትል ትንፋሽ ስትስብ ይሰማል። ያቺን ቅጽበት በምንም አልለውጣትም።