ደሴ ላይ ወላጅ ላላችሁ፣ 40ን ላለፋችሁም፦ ሳይታመሙ መታየት እንዴት ነው

ባለፈው አመት እማዬን አንድ ክሊኒክ ወስጃት ግፊቷ 172 በ98 ነው ተባልን። ክው አልን። በኋላ ሳስበው ግን ዳገቱን ወጥታ ትንፋሿ እንኳን ሳይመለስ ነው የለኳት፣ ያውም ከወፍራም ሹራቧ በላይ፣ ያውም እሷ እያወራች፣ ከቤት ስትወጣ ደሞ ቡናውን እስከ በረካ ጠጥታ ነው። በሳምንቱ ሌላ ቦታ ተረጋግታ ስትለካ 136 በ82 ሆነ።

ስለዚህ መጀመሪያ አለካኩን እወቁ። ከመለካት በፊት ግማሽ ሰአት ቡናም ሲጋራም ጫትም የለም። ሽንት ካለ ሽንት ቤት ደርሶ መምጣት፣ 5 ደቂቃ ዝም ብሎ መቀመጥ፣ ጀርባ ደገፍ፣ እግር ሳይቆላለፍ መሬት ላይ፣ ክንድ ተራቁቶ ጠረጴዛ ላይ በልብ ትክክል። ወሬ የለም (እማዬን ዝም ማሰኘት ከሁሉም ከባዱ ነው)። ከደቂቃ በኋላ ይደገም በሏቸው፣ አይቆጧችሁም። በተለያየ ቀን ተለክቶ 140 በ90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ግፊት አለ ማለት ነው። ደህና ቢሆንም በአመት አንዴ መለካት አይቀርም።

ሰዉ ግን ምን ይላል፣ "አብሽር ደህና ነኝ፣ ምንም አላመመኝም"። ግፊት እኮ አያምም! አጎቴ እንዲሁ እያለ ተሻለኝ ብሎ ክኒኑን አቆመ፣ የተሻለው ክኒኑን ስለዋጠ መሆኑን ማን ይንገረው፣ ስምንት ወር ሳይሞላው ስትሮክ መታውና ይሄው ግራ እጁ ስኒ አያነሳለትም። ክኒን የሚቀንሰውም የሚያቆመውም ሐኪሙ ብቻ ነው። ጾም ወይ ረመዳን ሲመጣም ቀድማችሁ ሂዱና ሰአቱን እንዲያስተካክሉላችሁ ጠይቁ፣ በተለይ የስኳር መድሃኒት የሚወስድ ሰው በራሱ ግምት እንዳይጾም።

ሌላው ጉዳይ የጉልበት ማስታገሻ ነው። ደሴ ውስጥ ጉልበቱን የማያመው ሽማግሌ የት ይገኛል፣ ሁሉም ከፋርማሲ ዳይክሎፌናክ ወይ አይቡፕሮፌን እየገዛ ይውጣል። እነዚህ ሲዘወተሩ ግፊት ይጨምራሉ፣ ኩላሊት ይጎዳሉ፣ ጨጓራ ያደማሉ። ስለዚህ ለምርመራ ስትሄዱ ቤት ያለውን መድሃኒት በሙሉ፣ ጎረቤት የሰጠውንም ጭምር፣ በፌስታል ይዛችሁ ጠረጴዛው ላይ ዘርግፉት። የእማዬ ፌስታል ውስጥ ስሙ ተለያየ እንጂ አንድ አይነት የሆነ ማስታገሻ ሁለት ተገኝቷል።

ምግብ ላይ ብዙ አልልም፣ ዋናው ጨው ነው። በቀን የሚመከረው ከ5 ግራም በታች ነው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳን አይሞላም። በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል፣ ሽሮው ውስጥ አለ፣ ወጡ ላይ ደሞ ይጨመራል፣ እኛ ቤት ቡናውንም በጨው የምትጠጣ አክስት አለችን! ቀስ እያላችሁ ከድስቱ ቀንሱ፣ ምላስ ይለምዳል። ጥርስ አስቸግሯቸው ምግብ የሚተዉ ከሆነ ምስር፣ የባቄላ ፉል፣ እንቁላል አትርሱ፣ ሻይ በዳቦ ብቻ ጡንቻ አይይዝም።

እንቅስቃሴ በሳምንት 150 ደቂቃ ይባላል፣ በቀን 30 ደቂቃ አምስት ቀን ማለት ነው። ደሴ ሜዳ የለውም፣ ወይ ትወጣለህ ወይ ትወርዳለህ፣ ስለዚህ እያወሩ መሄድ የሚያስችል እርምጃ ይበቃል። ጉልበት የሚጎዳው በብዛት ቁልቁለቱ ስለሆነ ሲወርዱ ምርኩዝ መያዝ ነውር አይደለም። ኮምቦልቻ ያላችሁ ሜዳው አላችሁ ግን ሙቀት አለ፣ በጠዋት ውጡ፣ ውሃ ያዙ። ቤት ውስጥ ደሞ እጅን ሳይደገፉ ከወንበር 10 ጊዜ ተነስቶ መቀመጥ፣ ይሄ ለጭን ትልቅ ነገር ነው፣ ከመውደቅ ያድናል።

መውደቅ ካልኩ፣ ግቢ ውስጥ ያለው ሽንት ቤት! ሌሊት 9 ሰአት፣ ብርድ፣ ጨለማ፣ የረጠበ ድንጋይ፣ የሚያንሸራትት ጫማ። እኛ ከበሩ እስከ ሽንት ቤቱ አንድ አምፖል ሰቀልን፣ ግድግዳው ላይ የቧንቧ ብረት መደገፊያ አስበየድን፣ ከሁሉም በላይ የጠቀመን እሱ ነው። ሌሊት ደጋግሞ ለሽንት መነሳት ግን እርጅና ነው ብላችሁ አትለፉት፣ ስኳር ሊሆን ይችላል፣ ወንድ ከሆነ ፕሮስቴት (ከፊኛ ስር ያለው እጢ)።

ስኳር በባዶ ሆድ ሲለካ 126 እና ከዚያ በላይ ሆኖ በሌላ ቀን ከተደገመ ስኳር ነው። ግፊት ወይ ስኳር ያለበት ኩላሊቱን በደምና በሽንት በየአመቱ ያስመርምር፣ ስኳር ያለበት እግሩን ማታ ማታ ይይ፣ ስለሚደነዝዝ ቁስሉ አይታወቅም። አይንም አለ፣ ሞራ በቀዶ ጥገና ይነሳል፣ ግላኮማ (የአይን ነርቭን የሚጎዳው በሽታ) ግን አንዴ የወሰደውን አይመልስም፣ ብዙ ጊዜ ህመምም የለውም፣ ስለዚህ ቀድሞ መታየት ነው፣ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ድሮም በአይን ህክምና ይታወቃል። እህቶቻችን ደሞ ከ30 እስከ 49 ያላችሁ የማህፀን በር ካንሰር ምርመራውን አትዝለሉት፣ ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው።

የምትሄዱበት ቀን በጠዋት ውጡ፣ የጤና መድን ደብተሩን አትርሱ፣ ለስኳሩ 8 ሰአት ምግብ አይበላም፣ ውሃ ይቻላል። ደምና ሽንቱን እንደሰጡ የሚበላ ዳቦ ቋጥሩ፣ ወረፋው ረጅም ነው። እማዬ የያዝነውን ድፎ አጠገቧ ለተቀመጡት ሁለት አባቶች ቆርሳ አካፍላ፣ ስሟ ሲጠራ የአንደኛውን ቅሬ (እድር) እየጠየቀች ስለነበር አልሰማችም፣ እኔ ነኝ አቤት ያልኩት።