ምዕራፍ 19ን ወደ ፊት ያመጣሁበት መንገድ

የልቦለዴ ረቂቅ 31 ምዕራፍ አለው። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ መብራት በመጣ ቁጥር ከእንቅልፌ እየተነሣሁ ነው የጻፍሁት። የረቂቁ ሕመም መሀሉ ላይ ነበር፤ አባትየው የሚሞተው ምዕራፍ 19 ላይ ሲሆን፣ ልጁ ግን ከምዕራፍ 12 ጀምሮ ያለ ምክንያት ይቆዝማል። ሞቱ መቅደም ነበረበት። ምዕራፉን ቆርጬ ስለጥፍ ሁለት አንቀጽ ጠፋብኝና ካተምሁት ወረቀት ላይ እንደገና ተየብሁ።

መፍትሔውን ያገኘሁት ሊብሬኦፊስ ራይተር በሚባለው የጽሑፍ ማዘጋጃ ፕሮግራም ውስጥ ነው። የየምዕራፉን ርእስ ኮንትሮልና 1ን ተጭኜ የአንደኛ ደረጃ ርእስ አደረግሁት። ፊደሉን ማድመቅና ማተለቅ ብቻ አይበቃም፤ ፕሮግራሙ በዚያ ርእስ መሆኑን አያውቅም። ከዚያ ኤፍ 5ን ስጫን ናቪጌተር ተከፈተ፤ ምዕራፎቹ በሙሉ ተሰልፈው ታዩኝ። ወደ ላይ የሚያወጣውን ቀስት 8 ጊዜ ነካሁ፤ ምዕራፍ 19 ከነሙሉ ጽሑፉ 11ኛ ቦታ ላይ ተቀመጠ።

ከባዱ ሥራ ከዚህ በኋላ መጣ፦ ሟቹ ከሞተ በኋላ የሚናገርባቸውን ቦታዎች መልቀም። ስሙ ኃይሉ ነው። ፍለጋው ግን ግማሹን ዘለለው፤ አንዳንድ ቦታ ሀይሉ፣ አንዳንድ ቦታ ሃይሉ ብዬ ጽፌ ነበርና። ለእኛ ድምፃቸው አንድ ነው፤ ለኮምፒውተር ግን የተለያዩ ፊደላት ናቸው። በመፈለጊያና መተኪያው መስኮት ሬጉላር ኤክስፕሬሽን (በቃል ፈንታ በንድፍ መፈለጊያ) የሚለውን ምልክት አድርጌ [ሀሃሐሓኀኃ]ይሉ ብዬ ፈለግሁ፤ ቅንፉ በውስጡ ካሉት ፊደላት የትኛውም ይሁን ማለት ነው። ሁሉም ወጡ። ከተቀበረ በኋላ ቡና ሲጠጣ የሚታይበትን ትዕይንት ወደ ልጁ ትዝታ ለወጥሁት፤ ከመጽሐፉ ሁሉ አብልጬ የምወደው ገጽ አሁን እሱ ነው።