የመኪና ኮምፒውተር እንዴት ይቀየራል? መጀመሪያ ግን ማሳውን እዩ

አዳማ ላይ መኪና አልነሳ ስትል «ኮምፒውተሩ ተቃጥሏል» መባል ለምዶብናል፤ ሞተሩን የሚያዘውን ሳጥን ማለት ነው። ቆይ፣ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ቁልፉን ኦን ላይ አድርጉና ዳሽቦርዱን እዩ። የቼክ ኢንጂን መብራት ጭራሽ ካልበራ ኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ ላይደርሰው ይችላል። ፊውዞቹን ፈትሹ፣ ከዚያ ማሳውን፣ ማለትም ከመኪናው ብረት ጋር የሚታሰረውን የኔጋቲቭ ሽቦ። የማሳው ቡሎን ዝጎ ከሆነ በብርጭቆ ወረቀት ፍቁትና አጥብቁት። የጎረቤቴ ኮሮላ በዚሁ ብቻ ተነስታለች።

ይሄ ሁሉ ደህና ሆኖ ኮምፒውተሩ የእውነት ከሞተ የድሮውን ቁጥር ፎቶ አንሱ። የቶዮታ ብዙውን ጊዜ በ89661 ይጀምራል፣ ከሰረዙ በኋላ ሌላ አምስት አሃዝ ይከተላል። አንዷ እንኳ ከተለየች አትግዙ። እኔ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ድረስ ሄጄ «ያው ነው ወንድሜ» ተብዬ ገዛሁና ሞጆ ስደርስ ነው ከፎቶው ጋር ያስተያየሁት፤ የመጨረሻዋ ቁጥር ሌላ ናት። እልህ ይዞኝ ሰካሁት። ሞተሩ ተነሳ፣ ቼክ ኢንጂኑ ግን አልጠፋ አለ። ለካ የእኔ መኪና ማንዋል፣ እሱ የአውቶማቲክ!

ሥራውን በጠዋት ጀምሩ፤ በአዳማ ፀሐይ ጋቢና ውስጥ ተጋድሞ መሥራት ቅጣት ነው፣ ላቡም ሶኬት ላይ ይንጠባጠባል። ቁልፉን ንቀሉ። በ10 ቁጥር ቁልፍ የባትሪውን ኔጋቲቭ ፍቱና ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። በብዙ ኮሮላዎች ኮምፒውተሩ ያለው ከጋቢና ተሳፋሪው ፊት ካለው ኪስ ጀርባ ነው። ኪሱን አውጡት። ኮምፒውተሩን ከመንካታችሁ በፊት የመኪናውን ብረት ንኩ፣ የሰውነታችሁ ኤሌክትሪክ እንዳይጎዳው። ሶኬቶቹን መቆለፊያቸውን ተጭናችሁ ንቀሉ፤ ሽቦውን ይዞ መጎተት የለም። ቡሎኖቹን ፍቱና የድሮውን አውጡት። አዲሱን ከመሰካታችሁ በፊት በስልካችሁ ባትሪ ፒኖቹን (ሶኬቱ ውስጥ የሚገቡትን ቀጫጭን ብረቶች) አንድ በአንድ እዩ። የተጣመመች ካለች አትግፉ። ጠቅ እስኪል ስኩት፣ ቡሎኖቹን እሰሩ፣ ኔጋቲቩን መልሱ።

አሁን አስነሱ። ተነስታ ከሁለት ሦስት ሰከንድ በኋላ ድርግም ካለች ቁልፉ ከኮምፒውተሩ ጋር አልተዋወቀም ይሆናል፤ እዚህ ላይ አትታገሉ፣ ስካነር ያለው የመኪና ኤሌክትሪሺያን ጥሩ። ካልጠፋች ነዳጅ ሳትረግጡ እስክትሞቅ ተዉአት። መጀመሪያ ላይ ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) ከፍ ዝቅ ቢል አትደንግጡ፣ እየለመደ ነው። የድሮውን ግን አትጣሉት፤ ቦርድ የሚጠግን ሰው ካገኛችሁ አሳዩት።